ቆይቶ የተመዘገበ ቦነስ

አንዲት ሴት በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የደመወዝ ሒሳብ ትሠራ ነበር። እታፈራሁ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ፍርግርግ ከተገጠመላት መስኮት ጀርባ ተቀምጣ፣ የሰማንያ ሦስት ሰው እንጀራ በእጇ አለፈ።

ደመወዙ በባንክ ነው የሚገባው። ቢሆንም ወር በደረሰ ቁጥር ሠራተኛው መስኮቷ ጋ ይሰለፋል። ምን እንደ ተከፈለው፣ ምን እንደ ተቆረጠበት የሚያሳየውን ወረቀት ከእጇ ይቀበላል። ማንበብ የማይችሉት "እስቲ አንብቢልኝ" ይሏታል፤ ታነብላቸዋለች። ያነበበችላቸውን ያምናሉ።

ልብ በሉ፤ ያነበበችላቸውን ያምናሉ! ሰው አንብቦ ሊያጣራው የማይችለውን ነገር ካንተ አፍ ሰምቶ አምኖህ ሲሄድ ምን እንዳሸከመህ ታውቃለህ? ኩንታል ቀላል ነው። ኩንታል ከትከሻ ይወርዳል።

የፋብሪካው ባለቤት አቶ ኤርሚያስ ናቸው። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አልጀምርላችሁም። ክፉማ ቢሆኑ ይህን ታሪክ ባልነገርኳችሁ፤ ክፉን ሁላችንም ከሩቅ እናውቀዋለን። አቶ ኤርሚያስ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ፣ በቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር የሚለቀቅላቸው፣ ለስጦታ ቃል ግቡ ሲባል መጀመሪያ እጃቸውን የሚያነሡ ሰው ናቸው። እንደ እርሳቸው ያለ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥም አይጠፋም። ቢጠፋም ለመሆን የሚመኝ አይጠፋም።

ያ ዓመት ገበያው የተቃናበት ዓመት ነበር። በሰኔ መጨረሻ በፋብሪካው ግቢ ድንኳን አስተከሉ፣ ሠንጋ ጣሉ፣ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። ማይክራፎን ጨብጠው፣ "ይህ ፋብሪካ የእናንተ ላብ ነው፤ እግዚአብሔር ከሰጠኝ ላይ እኔም እሰጣችኋለሁ" አሉ። ከዚያ ስም እየተጠራ ለእያንዳንዱ የዓመቱ ቦነስ በፖስታ ታደለ። እልልታው ቀለጠ። ጫኝና አውራጆቹ አቶ ኤርሚያስን በትከሻቸው ተሸክመው ግቢውን አዞሯቸው። ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ።

ከተሸከሟቸው ሰዎች አንዱ ጋሽ አንጁሎ ነበሩ። በዚያ ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዱቄት የተሸከሙ ሰው ናቸው፤ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጭ ነው። ያን ቀን ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ብር ደረሳቸው። በወር የሚያገኙት ደመወዝ አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው። አስቡት! ፖስታውን ይዘው በቀጥታ ቆርቆሮ ተራ ሄዱ፤ ክረምት በገባ ቁጥር አልጋ ሲያዛውሩበት የኖሩትን ቤት ክዳን ቀየሩ። ከቆርቆሮው የተረፈው ለሚስማርና ለአናጺው ሆነ። ሌላ የገዙት ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት እታፈራሁ ወደ አቶ ኤርሚያስ ቢሮ ገባች።

"ጋሼ፣ ቦነሱን በሰኔ ደመወዝ ላይ ላስገባው? የሥራ ግብር አለበት። በጊዜው ተቀንሶ ለገቢዎች መግባት አለበት።"

"አሁን ተዪው።"

"ወሩ ሳያልፍ ቢሆን ጥሩ ነበር።"

"እታፈራሁ፣ ሰዉ ትናንት ጨፈረ። ዛሬ ግብር አምጣ ልበለው? ደስታውን አታበላሺበት። ቆየት ብለን እናስገባዋለን።"

ለሠራተኛው ደስታ ያዘኑ ይመስላል፣ አይደል? እውነቱ ሌላ ነበር። ግብሩ አስቀድሞ ቢቀነስ ፖስታው ይሳሳል፤ ፖስታው ሲሳሳ እልልታውም ይሳሳል። ግብሩን ከራሳቸው እንዳይከፍሉት ደግሞ አዲስ የጭነት መኪና ሊገዙ ቀብድ ከፍለዋል። ስለዚህ ምስጋናው በሰኔ ተበላ፤ ዕዳው ለሌላ ጊዜ ተቀመጠ።

እታፈራሁ በሐምሌ ጠየቀች። "ቆይ" ተባለች። በነሐሴ ጠየቀች። "ሥራ ፈትተሽ ነው ይህን የምታነሺብኝ?" ተባለች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። በጽሑፍ ላሳውቃቸው አላለችም፣ ደብዳቤ አልጻፈችም። ዝም አለች። ዝም ማለት እኮ ምንም አለማድረግ ይመስለናል።

በጥቅምት መጀመሪያ የግብር ኦዲተሮች መጡ። መዝገቡን ገለጡ፣ ከባንክ የወጣውን ገንዘብ አዩ፣ "ይህ ምንድን ነው?" አሉ። ቦነሱ ወጣ። ግብሩ ባለመከፈሉ ቅጣት፣ በመቆየቱም ወለድ ተጻፈበት።

አቶ ኤርሚያስ እታፈራሁን አስጠሩ።

"በጥቅምት ደመወዝ ላይ አስገቢውና ሁሉንም ከሠራተኛው ቀንሺ" አሏት።

"ቅጣቱንም?"

"ቦነሱን የበላው ማነው? እኔ ነኝ?"

"ጋሼ፣ ይህ የዓመት ቦነስ ነው። በአሥራ ሁለቱ ወር ላይ ተከፋፍሎ ነው ግብሩ የሚሰላው። በአንድ ወር ከደመወዙ ጋር ከደመርነው፣ ሰዉ አይቶት በማያውቀው ደመወዝ ልክ ግብር ሊከፍል ነው።"

"ጣጣ አታብዢብኝ። በአንድ ወር አስገቢና ጨርሺው።"

"ሰዉ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?"

"መንግሥት ወሰደው በያ!"

ወገኖቼ፣ ነገሩ ሒሳብ መስሏችሁ እንዳታልፉት። ግብሩ የሠራተኛው ነው፤ ማንም ያገኘ ሰው ከሚያገኘው ላይ ይከፍላል፣ በዚህ ጠብ የለንም። ቅጣቱ ግን የማን ነው? ወለዱስ የማን ነው? ያቆየው ማነው? ጋሽ አንጁሎ አቆዩት? ጋሽ አንጁሎ ኩንታል ተሸክመው ሲወጡና ሲወርዱ፣ እግረ መንገዳቸውን የፋብሪካውን መዝገብ ደበቁ? ቅጣቱ የባለቤቱ የ"ቆይ" ዋጋ ነበር። የዚያን ቃል ዋጋ ነው እንግዲህ በሰማንያ ሦስት ትከሻ ላይ የጫኑት!

እታፈራሁስ? ሠራችው።

አዎ፣ ሠራችው። ሁለት ልጆች ታስተምራለች። የቤት ኪራይ አለባት። ባሏ ሥራ ከፈታ ሰባተኛ ወሩ ነው። ምክንያት ነበራት። እስቲ ምክንያት የሌለው ኃጢአተኛ አሳዩኝ!

የጥቅምት ደመወዝ ቀን ሠራተኛው ተሰለፈ። ወረቀቱን እየተቀበለ ዓይኑን ያሻል። "ተሳስተሽ ይሆን?" የሚል አለ፤ የሚሳደብ አለ። እርሷ ቀና ሳትል አንዲት ቃል ብቻ ትመልሳለች፤ "መንግሥት ነው።" ቀጣዩ ይመጣል፤ "መንግሥት ነው።"

የጋሽ አንጁሎ ተራ ደረሰ።

"ልጄ፣ አንብቢልኝ" አሏት።

አነበበችላቸው። ደመወዝ ይህን ያህል፣ ጡረታ ይህን ያህል፣ የወሩ ግብር ይህን ያህል፣ የቦነስ ግብር፣ ቅጣት፣ ወለድ። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር አነበበች። ባንክ የገባላቸው አሥራ ስድስት ብር ነው።

"አሥራ ስድስት ምን?"

"አሥራ ስድስት ብር፣ ጋሽ አንጁሎ።"

"አሥራ ስድስት መቶ ማለትሽ ነው?"

"አሥራ ስድስት ብር ነው።"

ሰውዬው ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፤ በጀርባው የቀረ ነገር ካለ ብለው። ምንም የለውም።

"ምን አጠፋሁ ልጄ?"

"ምንም አላጠፉም። መንግሥት ነው።"

ጋሽ አንጁሎ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከኋላቸው ያለው ሰው ተጣደፈ። ከዚያ ምን አሏት መሰላችሁ? ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። በፍርግርጉ ሥር እጃቸውን ሰደዱና እጇን ነክተው፣ "መንግሥት ካለማ ምን ይደረጋል። አንቺ ምን ታደርጊ፤ ታዘሽ ነው። ልጆችሽን ያሳድግልሽ" ብለው መርቀዋት ሄዱ።

መረቋት! ባዶ ያስቀረቻቸውን እጅ ይዘው መረቁ! እርሷስ ምን አለች? "አሜን" አለች። እንግዲህ የዚያን "አሜን" ነገር እናንተው ፍረዱት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጫኝና አውራጆቹ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ሲበሉ ጋሽ አንጁሎ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። "ኑ እንጂ፣ ብሉ" አሏቸው። "ጾም ይዣለሁ" አሉ። በሁለተኛውም ቀን "ጾም ይዣለሁ" አሉ። የጓደኞቻቸውም ደመወዝ ተቆርጦ ምሳቸው ጥቂት ነበርና አጥብቀው አልለመኗቸውም፤ አሥራ ስድስት ብር ብቻ እንደ ደረሳቸው ግን አልነገሯቸውም። "አንጁሎ ምን ስእለት ቢኖረው ነው?" እያሉ ቀለዱ። እታፈራሁ ሻይ ልትጠጣ በዚያ በኩል ስታልፍ ቀልዱን ሰማች። ምን ዓይነት ጾም እንደ ሆነ ከዚያ ግቢ ሁሉ የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። ሻይዋን ሳትጠጣ ተመለሰች፤ ክፍሏን ዘጋች። ግን አሁንም ምንም አላደረገችም።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ አንጁሎ ኩንታል ተሸክመው የመኪናውን መወጣጫ ሳንቃ ሲወጡ ጉልበታቸው ከዳቸው። ወደቁ። ክንዳቸው ተላጠ፤ እርሳቸው ተረፉ። ኩንታሉ ግን ፈነዳ። ዱቄቱ ግቢው ላይ ተበተነ።

የመጋዘኑ ኃላፊ ሮጦ መጣ። ሰውዬውን አነሣ? አላነሣም። ዱቄቱን አየ። ከዚያ ቢሮው ገብቶ ወረቀት ጻፈ። ወረቀቱ ከሰዓት በኋላ እታፈራሁ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። እንዲህ ይላል፤ "አንጁሎ የተባለ ሠራተኛ በጥንቃቄ ጉድለት አንድ ኩንታል ዱቄት ያበላሸ ስለ ሆነ ዋጋው ከደመወዙ ላይ ይቀነስ።"

ከየትኛው ደመወዝ? ከየትኛው! ከአሥራ ስድስቱ ብር ላይ ነው?

ሴትየዋ ያችን ወረቀት አንብባ ጨረሰችና ተነሣች።  ያስነሣት ንዴት ነው። መጀመሪያ የተናደደችው በራሷ ነው፤ ከዚያ በዚያ ወረቀት፤ ከዚያ ይህን ሁሉ ተሸክሞ "ታዘሽ ነው" በሚላት ደግነት ሳይቀር። ወረቀቱን ጨብጣ፣ የሰማንያ ሦስቱን ሰው የጥቅምት ሒሳብ በብብቷ ይዛ፣ የአቶ ኤርሚያስን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

እንግዶች ነበሩባቸው። እነማን? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች። አዎ፣ የእኛው ሰዎች። ለአዳራሽ ሥራ አቶ ኤርሚያስ ቃል የገቡትን ገንዘብ ሊቀበሉ መጥተው፣ ቼኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ሦስቱም የምስጋና ጸሎት ሊያደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ይህን ታሪክ የነገረኝ ከሦስቱ አንዱ ነው።

"እታፈራሁ፣ ቆይተሽ ነይ" አሉ አቶ ኤርሚያስ።

"ቆይቻለሁ ጋሼ። ከሰኔ ጀምሮ ቆይቻለሁ።"

"እንግዶች ላይ ነኝ እኮ!"

"ይስሙ። ጋሽ አንጁሎ ዛሬ ኩንታል ይዘው ወደቁ። ሦስት ቀን ምሳ አልበሉም። የወር ደመወዛቸው አሥራ ስድስት ብር ነው። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ የኩንታሉን ዋጋ ቁረጪ ተብያለሁ። አልቆርጥም፤ የጥቅምቱንም ሒሳብ አስተካክላለሁ።"

"ግብር የመንግሥት ነው…"

"ግብሩማ የመንግሥት ነው! ቅጣቱ ግን የእኛ ነው። ግብሩን በጊዜው እንመዝግበው ስልዎ ቆይ ያሉት እርስዎ ነዎት። ሰዉን ያስቀጣነው እኛ ነን። ደግሞም ከሰው ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አይቆረጥም፤ እኔ ጠቅላላውን ወሰድኩት።"

"ሕግ ልታስተምሪኝ ነው?"

"ሕጉን እንዳውቅልዎ አይደል የቀጠሩኝ!"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "እህቴ፣ ይህ የቤት ጉዳይ ነው፤ በለሰለሰ መንፈስ ቢሆን" አላት። የለሰለሰ መንፈስ! ሰው በረሃብ ሲወድቅ የት ነበር የለሰለሰው መንፈስ? ሁለተኛው አቀርቅሮ የጫማውን ማሰሪያ ያይ ጀመር። ይህን የነገረኝ እርሱ ነው። እስከ ዛሬ የዚያን ጫማ ማሰሪያ ቀለም አልረሳውም ይላል። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ "አቶ ኤርሚያስ፣ ልጅቱ ያለችው እውነት ነው?" ብለው ጠየቁ።

አቶ ኤርሚያስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አስተማሪው ቼኩን በአንድ ጣታቸው ወደ አቶ ኤርሚያስ ገፋ አደረጉት። "እንግዲያው ይህ እዚሁ ይቆይ። በዚህ ገንዘብ አዳራሽ ብንሠራ፣ ሰውዬው መጥቶ ቢቀመጥበት በምን ዓይናችን እናየዋለን?" አሉ። ተነሥተውም ወጡ። ሁለቱ ተከተሏቸው።

አቶ ኤርሚያስ ብቻቸውን ከእታፈራሁ ጋር ሲቀሩ ድምፃቸው ተለወጠ። "አዋረድሽኝ" አሏት። "ማስተካከያውን ብትጽፊ ፊርማም ማኅተምም ከእኔ አታገኚም። ውጪልኝ።"

ወጣች። ነገር ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ጊዜው ሠራተኛው ከሻይ ዕረፍት የሚመለስበት ሰዓት ነበርና በግቢው መካከል ቆመች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በፍርግርግ ውስጥ ፊቷን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ አጭር ሴት መሆኗን ያን ቀን ያወቁ ነበሩ።

"ስሙኝ!" አለች። "የዋሸኋችሁ ነገር አለ። መንግሥት ነው ያልኳችሁ ውሸት ነው። መንግሥት የጠየቀው ግብሩን ነው፤ እርሱም ይህን ያህል አይደለም፤ በዓመቱ ወራት ተከፋፍሎ መሰላት ነበረበት። ቅጣቱና ወለዱ ፋብሪካው ያመጣው ነው፤ እናንተ ላይ መቆረጥ አልነበረበትም። ቆራጯ እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው የቆረጥኩት።"

አቀፏት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አላቀፏትም። ዱቄት ከሚነፉት ሴቶች አንዷ፣ "ሌባ! ልጄን ከትምህርት ቤት አስመለስሽብኝ!" ብላ ጮኸችባት። አንዱ መሬት ላይ እንትፍ አለ። ከዚያ ጋሽ አንጁሎ፣ ክንዳቸው በጨርቅ እንደ ታሰረ፣ ከሰው መሐል ወጥተው ፊት ለፊቷ ቆሙ።

"ያን ቀን የመረቅሁሽን ምርቃት መልሺልኝ" አሏት።

 እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ "ልክ ነዎት" አለች።

ሠራተኛው ግን ሥራ አልገባም። ድንጋይ አልወረወረም፣ መስታወት አልሰበረም። በአቶ ኤርሚያስ ቢሮ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ። ወፍጮው ቆመ። ያ ወፍጮ ዝም ሲል ከተማው ሁሉ ምን ሆነ ይላል። በማግስቱም ተቀመጡ። ስንዴ የጫኑ መኪናዎች በሩ ላይ ተደረደሩ። ሽማግሌው አስተማሪም መጥተው በዕድሜያቸው፣ በከዘራቸው፣ ከጫኝና አውራጆቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አቶ ኤርሚያስ በሩን ከፍተው እታፈራሁን ጠሯት። "አምጪው" አሏት። አዘጋጅታው ነበር። ፈረሙ፤ ማኅተሙን መቱ።

እንዴት እንዳስተካከለችው ልንገራችሁ፣ ማስተካከል ምን እንደ ሆነ እንድታዩት። የእያንዳንዱን ሰው ቦነስ በተለፋበት ዓመት ወራት ላይ ከፋፍላ ግብሩን እንደ ገና አሰላችው። ለገቢዎች የማስተካከያ ደብዳቤ ጻፈች፤ በደብዳቤው ላይ ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ ብላ በስሟ ፈረመች። ቅጣቱና ወለዱ ወደ ፋብሪካው ሒሳብ ዞረ። ከሠራተኛው የተወሰደው ሁሉ በሳምንት ውስጥ ተመለሰ። ጋሽ አንጁሎ የሚገባቸውን ግብር፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ብር፣ በአራት ወር ቀስ ብለው ከፈሉ። ሳያጉረመርሙ ከፈሉ፤ የራሳቸው ዕዳ ነዋ። ሰው የራሱን ዕዳ መክፈል አይከብደውም። የሚከብደው የሌላውን መሸከም ነው። የፈነዳው ኩንታልም ከፋብሪካው ኪሳራ ላይ ተጻፈ።

እዚህ ላይ እልል ልትሉ ነው? ቆዩ።

በጥር ወር ለእታፈራሁ ደብዳቤ ደረሳት። "የሥራ መደብሽ ስለ ታጠፈ" ይላል። እቃዋን በካርቶን ይዛ በግቢው ስትወጣ ወፍጮው ይፈጭ ነበር። ማንም መሬት ላይ አልተቀመጠም። ሰማንያ ሦስቱ የት ነበሩ? ገንዘባቸው ተመልሷል! ቆርቆሯቸው አላፈሰሰም፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገብተዋል። እርሷማ ድሮም ቆራጭ ናት ተባለ። ሽማግሌዎቹስ? ቼኩን በየካቲት ወስደዋል። አስተማሪው አብረው አልሄዱም። አዳራሹ ተሠርቷል። ጥሩ አዳራሽ ነው።

እታፈራሁ ከሥራ በወጣች በሁለት ሳምንቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ በሯ ተንኳኳ። ጋሽ አንጁሎ ናቸው። ግቡ ብትላቸው አልገቡም።

"የመጣሁት ልነግርሽ ነው" አሏት። "ቂሜን ገና አልጨረስሁም። ግን ሥራዋን መልሱላት ብዬ ቢሮ ገብቼ ነበር።"

"እርስዎ? ከማን ጋር?"

"ብቻዬን። ጓደኞቼን ብጠራ እምቢ አሉኝ። ብቻህን ማን ይሰማሃል አሉኝ፤ እውነትም አልሰሙኝም። ግን ገብቼ ነበር። ይህን እንድታውቂው ነው።"

ይህን ብለው ሄዱ። እታፈራሁ ዛሬ በአንድ ዳቦ ቤት ሒሳብ ትይዛለች። ደመወዟ ከድሮው ግማሽ አይሞላም። ስድስት ሠራተኞች አሉ። የእያንዳንዳቸውን ወረቀት ስትሰጥ ሳይጠይቋት መስመር በመስመር ታነብላቸዋለች።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። አቶ ኤርሚያስን እየረገማችሁ በሰላም ወደ ቤታችሁ የምትሄዱ መስሏችሁ ነበር?

እናንተ በቤታችሁ ሠራተኛ ያላችሁ! ልጅቷ ሰሃን ስትሰብር ከደመወዟ ትቆርጣላችሁ። ሁለት ወር አቆይታችሁ ስትከፍሏት ግን ለቆያችሁበት ምን ጨመራችሁላት? የእርሷ ስሕተት ዋጋ አለው፤ የእናንተ መዘግየት ዋጋ የለውም? ይህን ሚዛን ከየት ገዛችሁት?

እናንተ ከመስኮት ጀርባ የምትቀመጡ! "ሲስተም ነው"፣ "ከላይ ነው"፣ "መንግሥት ነው" ስንት ጊዜ አላችሁ? እውነት ሲሆን በሉት። ግን የአለቃችሁን ጥፋት፣ የራሳችሁን ዝምታ፣ መንግሥት ነው በሚል ወረቀት ጠቅልላችሁ ለድኻ ስትሰጡት፣ ድኻው ሲመርቃችሁ፣ "አሜን" ያላችሁትን እግዚአብሔር አልሰማም?

እናንተ ዕዳችሁ ሲሰረዝላችሁ ቤታችሁ የገባችሁ! ስለ እናንተ ብላ የወደቀችውን ሴት አንድ ቀን ዞር ብላችሁ ጠይቃችኋታል? ቂሙን ያልጨረሰው ሰው ለእርሷ ቆመ። ቂም የሌለብን እኛ የት ነበርን?

እኛስ፣ አገልጋዮች ነን የምንለው፣ ሽማግሌዎች ነን የምንለው? ስጦታ ሲመጣልን ዓይናችንን የምንጨፍነው ለጸሎት ነው ወይስ እንዳናይ ነው? አመስጋኞች ነን፤ እጅግ አመስጋኞች ነን! ከማን ላይ እንደ ተቆረጠ ግን አንጠይቅም። እንጠይቃ! ጠይቀን ቼክ ይቅርብን! ድንኳን ውስጥ እናምልክ፤ ዝናብ ይምታን!

ሁላችሁም "ቆየት ብዬ" ያላችሁት ነገር አለ። አታስቡት አልላችሁም፤ አሁን ራሱ ትዝ ብሏችኋል፤ ከፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። የምትቆዩበት እያንዳንዱ ቀን ወለድ አለው። ወለዱን ደግሞ እየከፈለ ያለው እናንተ አይደላችሁም። በዚህች ሰዓት "ጾም ይዣለሁ" እያለ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ንስሐ ማለት እዚህ መጥቶ ማልቀስ ብቻ አይደለም። አልቅሳችሁ ስታበቁ መዝገቡን ክፈቱ። የተሳሳተውን መስመር ፈልጉት። የሰውን ለሰው፣ የራሳችሁን ለራሳችሁ አድርጉ። ከሥሩም ስማችሁን ጽፋችሁ ፈርሙበት።

ነገ ሰኞ ነው። ቢሮዎች በሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታሉ። የመዝጊያውን ጸሎት ዛሬ አላደርስላችሁም። ሂዱና አስተካክሉ፤ ስትመለሱ አብረን እንጸልያለን።